ንፋስ ድምፅ የለውም

እስቲ ጠጋ በሉ፤ ይህ ታሪክ ጮክ ተብሎ የሚወራ አይደለም።

ቅዳሜ ማታ ነው። ቦታው መሃል ከተማ ካሉት ሲኒማ ቤቶች አንዱ ነው፤ ስሙን አልጠራውም፣ ጥፋቱ የሱ አይደለምና። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። ፊልሙ ከተጀመረ አንድ ሰዓት ከሩብ ሆኖታል። ሸራው ላይ ገና ጎህ አልቀደደም። አንዲት እናት ከአልጋዋ ተነስታ፣ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ በሩን ትከፍታለች። ደጁ ላይ ጋቢ የለበሱ አምስት ሰዎች ቆመዋል። ሁለቱ የእድር ዳኞች ናቸው፤ አንደኛው የንስሐ አባቷ ናቸው። በዚያ ሰዓት እነዚህ ሰዎች ደጅህ ላይ ከቆሙ ለምን እንደመጡ መጠየቅ አያስፈልግም። መርዶ ነው።

ዳይሬክተሩ አስቀድሞ «እዚህ ጋ ዝምታ ነው የምፈልገው፤ ዓለም ጭጭ ሲልባት» ብሎኝ ነበር። እኔ ደግሞ የታዘዝኩትን የምሠራ የድምፅ ባለሙያ ነኝ። ከዚያ ትዕይንት ላይ ድምፅ የሚባለውን ሁሉ፣ የበሩን ሲጥታ፣ የእግሩን ኮቴ፣ የማይኩን እሽታ ሳይቀር ጠርጌ አወጣሁት። 32 ሰከንድ ሙሉ ባዶ። ኮምፒውተሬ ላይ ሳየው መስመሩ እንደ ተወጠረ ክር ቀጥ ብሏል። ኮራሁበት።

እናላችሁ፣ በሩ ተከፈተ። አንድ ሰከንድ፣ ሁለት ሰከንድ፣ ሦስት ሰከንድ። አራተኛው ላይ ከኋላ አንዱ «ድምፅ!» አለ። ከግራ ሌላው «ኧረ ድምፅ!» ሲል ፉጨቱ ተከተለ። ፎቅ ላይ ሆኖ ፊልሙን የሚያጫውተው ልጅ ምን ያድርግ? የተበላሸ መስሎት የድምፁን ቁልፍ እስከ ጥጉ ጠመዘዘው። 33ኛው ሰከንድ ላይ እናትየዋ እሪ አለች። ጩኸቱ እንደ መብረቅ ሲወርድ ከፊቴ የነበረች ሴት ቦርሳዋን ጣለች፤ አንድ ሕፃን አለቀሰ፤ ከዚያ ሰው ሳቀ። ልጇን ላጣች እናት አዳራሽ ሙሉ ሰው ሳቀ። እኔ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነበርኩ። መሬት ብትከፈት የምገባው ያኔ ነበር።

*

የምሠራው ሳሪስ ነው፤ ንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ካለ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ። ስቱዲዮ እንለዋለን፤ ክፍሉ አራት ሜትር በሦስት ሜትር ነው። ስንገባ ግድግዳው ላይ የእንቁላል ካርቶን ለጥፈን ነበር፤ ድምፅ ያስቀራል ሲባል ሰምተን። አያስቀርም። ቀጭኑን ድምፅ ትንሽ ያለዝበው ይሆናል እንጂ ወፍራሙ፣ የሲኖትራኩ ጉርምርምታ፣ ካርቶኑን ከመጤፍ አይቆጥረውም። ድምፅን የሚያግደው ክብደትና የተደፈነ ቀዳዳ ነው። ስለዚህ ካርቶኑን ገንጥለን ወፍራም ብርድ ልብስ ሰቀልን፤ የበሩን ሥር በጨርቅ ጠቀጠቅን፤ የቀረውን ለሌሊቱ ተውነው።

ሳሪስን የሚያውቅ ያውቀዋል። በ2008 ዓ.ም. መስከረም ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር ከምኒልክ አደባባይ ወርዶ፣ ንፋስ ስልክን አልፎ፣ በአደይ አበባ በኩል ወደ ቃሊቲ ሲሄድ ሐዲዱ ከጥርስ ሥር የሚገባ ፉጨት አለው። የታክሲ ረዳቱ «ቃሊቲ! ቃሊቲ!» ይላል። ቆራሌው ይጮኻል። ጎረቤት በርበሬ ይወቀጣል። ይህ ሁሉ ጋብ የሚለው ከሌሊቱ 7 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ነው። ከዚያ የአቦ ቤተ ክርስቲያን ቅዳሴ በድምፅ ማጉያ ይሰማል፤ ወደ 11 ሰዓት ግድም አዛኑ ይከተላል። ሁለቱንም እወዳቸዋለሁ፤ ግን እኩለ ቀን ላይ ባልና ሚስት ሲጣሉ ከኋላቸው ቅዳሴ ከተሰማ ተመልካቹ ግራ ይገባዋል። ስለዚህ ለመቅዳት ያለን በቀን ሁለት ሰዓት ነው። እኔና ረዳቴ እንደ ጅብ ሌሊት ነው የምንወጣው።

እሑድ ጠዋት ዳይሬክተሩ መጣ። ይጮኻል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ አልጮኸም። ወንበር ስቦ ተቀመጠና «እኔ ዝም በል አልኩህ እንጂ ጥፋ አላልኩህም» አለኝ። ያቺ ነገር እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለች። ቀጥሎ «የሚቀጥለው ቅዳሜ ሌላ አዳራሽ ይገባል። አንድ ሳምንት አለህ» አለኝ።

እውነቱን ነው። በዓለም ላይ ምንም የማይሰማበት ቤት የለም። ባዶ ክፍል ውስጥ ብትቆሙ እንኳ ክፍሉ ይተነፍሳል፤ ጣሪያው፣ መስኮቱ፣ ከሩቅ የሚመጣው መንገድ። የሙያው ሰዎች ሩም ቶን ይሉታል። ደንቡም ቀላል ነው፦ ቀረጻ ባለቀበት ቦታ ሁሉ ሰው እንደ ሐውልት ቀጥ ብሎ ይቆምና የክፍሉ ዝምታ ለግማሽ ደቂቃ ይቀዳል። በኋላ ንግግር ሲቆረጥና ሲቀጠል ክፍተቱ የሚደፈነው በዚያ ነው። እኛ ጋ ግን የመጨረሻው ቀረጻ እንዳለቀ መብራቱ ይነቀላል፣ ሚኒባሱ ሞተር ያስነሳል፣ ሰው እራቱን ያስባል። «ለ30 ሰከንድ ጸጥ በሉልኝ» የሚል የድምፅ ባለሙያ እንደ ነገረኛ ይታያል። የዚያች እናት ቤት ዝምታም ሳይቀዳ ቀረ። እኔ ቦታውን በባዶ ሞላሁት። ከሸራው ምንም ካልተሰማ ደግሞ የተመልካቹ ጆሮ ከፊልሙ ወጥቶ አዳራሹ ውስጥ ያርፋል፤ የወንበሩን ሲጥታና የጎረቤቱን ፈንዲሻ ይሰማል። ያኔ «ድምፅ!» ይላል። ልክ ነው፤ ምን አጠፋ?

*

ፕሮዲውሰሩ በስልክ መፍትሔ አመጣ። «ዋሽንት አስገባበትና ገላግለን» አለ።

የአገራችንን ፊልም የተከታተለ ሰው ይህችን ዋሽንት ያውቃታል። ሰው ሲሞት ዋሽንት፤ ሰው ሲሰደድ ዋሽንት፤ ሰው ሲነጠቅ ማሲንቆ። ሙዚቃን አልጠላም። ኃይሌ ገሪማ እ.ኤ.አ. በ2008 ያወጣው «ጤዛ» ላይ ጆርጋ መስፍንና ቪጄይ አየር የሠሩትን ሙዚቃ ደጋግሜ የሰማሁ ሰው ነኝ፤ ሙዚቃ መቼ እንደሚገባ ብቻ ሳይሆን መቼ እንደሚወጣም ለመማር። ዋሽንቱ ግን እዚህ ቦታ ላይ ተመልካቹን «አሁን አልቅስ» ብሎ ማዘዝ ነው። የታዘዘ ሰው ደግሞ አያለቅስም። ዳይሬክተሩም «አይሆንም» አለ።

ስለዚህ ሰኞ ሌሊት ወደ ፎሊው ገባን። ፎሊ ስሙን ያገኘው ዩኒቨርሳል ስቱዲዮ ይሠራ ከነበረው ከጃክ ፎሊ ነው። ሥራው ተዋናዩ በሸራው ላይ ሲራመድ እያዩ አብሮ መራመድ ነው። ቀላል ይመስላል። ፊልም በሰከንድ 24 ምስል ነው የሚሄደው፤ አንዱ ምስል 42 ሚሊሰከንድ ግድም ይቆያል። ኮቴው በሦስት ምስል ከዘገየ ተመልካቹ ምን እንደሆነ ሳያውቅ «የሆነ ነገር ልክ አይደለም» ይላል። ረዳቴ አሸዋና ጠጠር የሞላ ሳፋ ላይ ቆሞ የሽማግሌዎቹን አረማመድ አንድ በአንድ ረገጠ። አንዱ ቆዳ ጫማ፣ አንዱ ሸራ፤ አንዱ ደግሞ ከጎማ የተሠራ በረባሶ ነው ያደረገው። ከእድር ዳኞቹ የአንዱ ከዘራ መሬት ስትነካ የምታሰማውን ድምፅ አሥራ አንድ ጊዜ ቀዳናት፤ ምክንያቱም ከዘራ የሚሰማው በእንጨቱ አይደለም፣ በሰውዬው ክብደት ነው። ለጋቢው እሽታ እውነተኛ ጋቢ ማይኩ አጠገብ አሸን።

እዚያው ፊልም ላይ ሁለት ጎረምሶች የሚደባደቡበት ቦታም ነበር። ውጭ አገር ያሉ ባለሙያዎች ለቡጢ ሥጋ ይመታሉ። ወሩ መጋቢት፣ ጾሙ ሁዳዴ ነበርና ቄራ ቅርባችን ቢሆንም ሥጋ ከየት ይመጣል? እርጥብ ፎጣ በዱባ ላይ ጠቅልለን መታን። ለአጥንቱ ጥቅል ጎመን ሰበርን። በነጋታው ምሳችን ጎመንና ዱባ ወጥ ነበር፤ የፊልሙ ሁለት ዓመፀኞች እንዲህ ተበሉ።

ይህን ሁሉ የምንደክመው ለምን ይመስላችኋል? ቀረጻ ቦታ ላይ የተቀዳ ኮቴ ከንግግሩ ጋር ተጣብቆ ስለሚኖር ነው። ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. ስርጭት ሲጀምር የውጭ ድራማ ንግግሩ በአማርኛ ተናጋሪ ድምፆች ተተክቶ ወደየቤታችን ገባ። የአገር ውስጥ ባለሙያዎች ተቃውሞ አሰሙ፤ ያ የራሱ ታሪክ አለው። ድምፅ ላይ የምንሠራ ሰዎች ግን አንድ ነገር አስተዋልን። ለእንዲህ ያለ ሥራ የሚመጣ ፊልም ንግግሩ ተነቅሎ ሙዚቃው፣ ኮቴው፣ በሩና ዝናቡ ብቻ ለብቻው ተዘጋጅቶ ነው የሚመጣው። አማርኛውን ከላይ ማስቀመጥ ብቻ ይቀራል። የኛን ፊልም ሌላ አገር በራሱ ቋንቋ ሊያሳየው ቢፈልግስ? አማርኛውን ስትነቅለው በሩም፣ ኮቴውም፣ ከተማውም አብሮ ይነቀላል። ሰዎቹ አየር ላይ የሚሄዱ ይመስላሉ።

*

ማክሰኞ ኮቴው አለቀ። በሩ አለቀ። የቀረው ዝምታው ነው። ንጋት ነው፤ የቆርቆሮ ቤት ነው፤ ንፋስ ቢኖርበት ጥሩ ነው አልን። ንፋስ ደግሞ ከኢንተርኔት በሽ ነው። «ቀዝቃዛ ንፋስ፣ ገጠር፣ ንጋት» የሚል አገኘንና ከምስሉ ሥር ዘረጋነው። እውነት ለመናገር ያምር ነበር።

ከሕንፃው ጀርባ ግቢ ውስጥ የሚኖሩ አንድ እናት አሉ። እማማ ነው የምንላቸው። በጾም ሽሮና ዳቦ ይዘውልን ይመጣሉ፤ ሌሊት ሌሊት ስለምንሠራ ወይ ሌባ ወይ ተማሪ መስለናቸው ነበር መጀመሪያ። የዚያን ዕለት ሰሃኑን አስቀምጠው ስክሪኑን ቆመው አዩ። እናትየዋ በሩን ከፈተች። ንፋሱ ነፈሰ።

«ይቺ ሴትዮ ውጭ አገር ናት?» አሉ።

«ኧረ እዚሁ ናት፣ እማማ። ቤቱ እዚሁ ሳሪስ ነው የተቀረፀው።»

«ታዲያ ንፋሱን ከየት አመጣችሁት?»

እኔና ረዳቴ ተያየን።

«ንፋስ እኮ ንፋስ ነው፣ እማማ» አለ ረዳቴ።

«አይ ልጄ። ንፋስ ድምፅ የለውም። ድምፁ የሚነካው ነገር ነው። ቆርቆሮ ሲነካ ቆርቆሮ ነው፣ ባሕር ዛፍ ሲነካ ባሕር ዛፍ ነው። ይሄ የነካውን ዛፍ እኔ አላውቀውም። የኔን ቤት ንፋስ ግን ዓይኔን ጨፍኜ አውቀዋለሁ።»

ደግሜ ሰማሁት። እንዳሉት ነው። ከሥሩ የፈረንጅ ጥድ ደን አለ፤ የመርፌ ቅጠል ሲያፏጭ የሚሰጠው ያ ቀጭን፣ የማያቋርጥ ትንፋሽ። ባሕር ዛፍ እንዲህ አይደለም፤ ቅጠሉ ረዥምና ደረቅ ስለሆነ ይንኮሻኮሻል፣ እንደ ወረቀት። ድምፁ የተቀዳው በረዶ በሚጥልበት አገር ነው። የኛን እናት አውጥቼ እዚያ ደን ውስጥ አቁሜያታለሁ።

ስንት ፊልማችን ላይ እንዲህ አድርገናል? ሌሊት ሲሆን የምትጮኸው ጉጉት የማን አገር ጉጉት ናት? ያ አንድ ነጎድጓድ ስንት ፊልም ላይ ነው የመታው? ገጠር ነው ተብሎ የሚጮኸው ውሻ በየትኛው ቋንቋ ነው የሚጮኸው? የቄራ አሞራና የሌሊት ጅብ እያለን ከማናውቀው ጫካ ወፍ እንበደራለን። ዓይናችን አዲስ አበባ ነው፣ ጆሮአችን ሌላ ቦታ።

እማማ ሰሃኑን ሲያነሱ «ድሮ» አሉ፣ «ወጋየሁ ንጋቱ ፍቅር እስከ መቃብርን በሬዲዮ ሲተርክ እኮ ምንም ሥዕል አልነበረም። እኔ ግን ቤቶቹን ሁሉ አይቻቸዋለሁ።» ወጡ።

ይህን ነገር ረስተነው ነው። የእኛ ሕዝብ ጆሮ በሲኒማ አልተማረም። አዲስ አበባ የመጀመሪያውን ሲኒማ ቤት «ሰይጣን ቤት» ያለችው ሥዕል ሲንቀሳቀስ አይታ ነው፤ ያኔ ፊልም ገና ድምፅ አልነበረውም። «ዘ ጃዝ ሲንገር» ወጥቶ ተዋናይ ከሸራ ላይ ሲናገር የተሰማው እ.ኤ.አ. በ1927 ነው። ጆሮአችንን ያሳደገው ሬዲዮ ነው። «የቀን ቅኝት» የተባለው ተከታታይ የሬዲዮ ድራማ እ.ኤ.አ. ከ2002 እስከ 2004 በ257 ክፍል ሲተላለፍ ሰው በር ሲዘጋ ሰምቶ ማን እንደወጣ ያውቅ ነበር። እንዲህ ያለ ጆሮ ያለውን ሰው ነው እኛ በፈረንጅ ጥድ ንፋስ ልናታልል የሞከርነው።

*

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ እማማ ግቢ ወረድን። የመጋቢት ንፋስ ከምሳ በኋላ ነው የሚነሳው። ማይኩን ፀጉራም ልብሱን አልብሰን ስንዘረጋ ግን ባቡሩ አለ፣ የታክሲው ረዳት አለ፣ ቆራሌው አለ። ንፋሱን ሳይሆን ሳሪስን በሙሉ ነው የምንቀዳው።

ያኔ ረዳቴ ዓይኑን ከፍ አደረገ። ከጣሪያው ጠርዝ እስከ አጥሩ ብረት ድረስ የተወጠረ የልብስ ማስጫ ሽቦ አለ። ላዩ ላይ አንዲት ነጠላ ተሰጥታለች።

«ይሄስ?» አለኝ።

ሳቄ መጣ። «ይሄ ሰፈር ስሙ ማነው?»

«ንፋስ ስልክ።»

«ስልክ ማለት ምን ማለት ነው?»

አላወቀም። ቃሉ ከዐረብኛ ነው የመጣው፤ ሽቦ ማለት ነው። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው ከሬዲዮ ቴሌግራፍ ነው ይባላል፤ መልእክት ያለ ሽቦ፣ በአየር ይሄዳል ሲባል ሰው «የንፋስ ስልክ» አለው። ከዚያ ቤን በርት የተባለውን አሜሪካዊ አነሳሁለት። እ.ኤ.አ. በ1977 ለወጣው «ስታር ዎርስ» የጨረር ጠመንጃ ድምፅ ሲፈልግ ያገኘው በማሽን አይደለም። የሬዲዮ ማማ እንዳይወድቅ የሚወጥረውን የብረት ገመድ በመዶሻ መታው፤ «ፒው» የሚለው ያ ነው። ዓለም ሁሉ የሕዋ ጦርነት ብሎ የሰማው የማማ ገመድ ነው። «እኛ ደግሞ» አልኩት «የሬዲዮ ስም ያለው ሰፈር ውስጥ ቆመን ንፋስ ከኢንተርኔት እናወርዳለን።»

የምንፈልገው ሌላ ዓይነት ማይክ ነበር። አየር የማይሰማ፣ የተጣበቀበትን ነገር ንዝረት ብቻ የሚሰማ፤ ኮንታክት ማይክ ይባላል፣ መጠኑ እንደ ሳንቲም ነው። የታክሲው ረዳት ቢጮህ አይሰማውም፤ ቆራሌው ቢያልፍ አይሰማውም። በምን እናያይዘው ስንል እማማ የልብስ መቆንጠጫ ሰጡን። ሽቦውን ትንሽ አጠበቅነው፤ ማይኩን ቆነጠጥነው፤ ሄድፎኑን አደረግሁ።

ንፋሱ መጣ። ሽቦው ዘፈነ።

እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ። ንፋስ ቀጭን ነገር ሲያልፍ ከጀርባው ትናንሽ አዙሪት አንዴ ከላይ አንዴ ከታች እየተፈራረቀ ይወጣል፤ የሚያዘምረው እሱ ነው። ሽቦው 3 ሚሊሜትር ቢሆንና ንፋሱ በሰከንድ 5 ሜትር ቢሄድ፣ በሰከንድ ወደ 330 ጊዜ ይንቀጠቀጣል። ንፋሱ ሲበረታ ድምፁ ይቀጥናል፣ ሲደክም ይወፍራል፤ እንደሚተነፍስ ሰው።

«ነጠላዋን ላውርዳት?» አለ ረዳቴ። በየጊዜው ሽቦውን ጎተት፣ ለቀቅ፣ ጎተት ታደርጋለች፤ በማይኩ ውስጥ ጥብ... ጥብ... ይላል።

«ተዋት» አልኩት። ለምን እንዳልኩት አላውቅም።

ለፊልም ድምፅ የተለመደው በሰከንድ 48,000 ናሙና ነው። እኛ በእጥፉ፣ በ96,000 ቀዳነው፤ ሲዘገይ እንዳይሳሳ። ሌሊት ፍጥነቱን በግማሽ ስናወርደው ያ 330 ወደ 165 ወረደ። 165 ደግሞ ወንድ ልጅ ሲናገር ድምፁ ሊደርስበት የሚችል ሰፈር ነው። ቃል የሌለው፣ ከሩቅ የሚያጉረመርም ጉሮሮ። ዓርብ ዳይሬክተሩ መጥቶ ሰማው። ሁለቴ አስደገመኝ። ከዚያ «ልጇ ነው» አለ። ሌላ ነገር አላለም።

አሁን ዝምታውን መሥራት ተቻለ። ዝምታ በመደምሰስ አይመጣም፤ አንድ በአንድ በመቀነስ ነው የሚመጣው። እናትየዋ በሩን ስትከፍት ንጋቱን ሁሉ ሰጠናት፦ ከሩቅ ቅዳሴ፣ አንድ አውራ ዶሮ፣ የጎረቤት ውሻ፣ ብርዱ የጨበጠው ቆርቆሮ ጧ ሲል። ሽማግሌዎቹን ስታይ ውሻው ዝም አለ። የንስሐ አባቷን ስታይ ዶሮው ዝም አለ። ቅዳሴው እየራቀ፣ እየራቀ ሄደ። ሽቦው ብቻ ቀረ። በግማሽ ያዘገየነውን ከላይ አድርጌ፣ ሳይዘገይ የተቀዳውን ደግሞ ከሥሩ በጣም ዝቅ አድርጌ ተውኩት። በመጨረሻ ንፋሱ ቆመ፤ ሽቦው ቆመ፤ ከዘራዋ መሬት ነካች። አንድ ጊዜ። ከዚያ እሪታው።

*

ቅዳሜ በ8 ሰዓቱ ትዕይንት እማማን ይዤ ሄድኩ። «የፊልም ቤት ከሄድኩ ሠላሳ ዓመቴ ነው» እያሉ ታክሲ ውስጥ ነጠላቸውን ሦስት ጊዜ አስተካከሉ። ከመግባቴ በፊት ፎቁ ላይ ወጥቼ ፊልሙን የሚያጫውተውን ልጅ ለመንኩት። «ወንድሜ፣ ሲኒማ በ85 ዴሲቤል መነሻ ነው የሚቀላቀለው፤ ምንም ብትሰማ፣ ምንም ባትሰማ፣ ቁልፉን አትንካው።» «እሺ» አለ፤ ግን ዓይኑ አላመነኝም።

መሃል ላይ ተቀመጥን። አንድ ሰዓት ከሩብ ሄደ። እናትየዋ ከአልጋዋ ተነሳች። እጄ ላብ አላበው። በሩ ተከፈተ።

አንድ ሰከንድ። ውሻው ዝም አለ። አምስት ሰከንድ። ዶሮው ዝም አለ። የሰው ፈንዲሻም ዝም አለ። ቅዳሴው ራቀ። ከኋላ «ድምፅ!» የሚለውን ጠበቅሁ። አልመጣም። ሽቦው ብቻ፣ ያ ከሩቅ የሚያጉረመርመው ወንድ ልጅ፣ ከሥሩም በጣም በቀስታ፣ ጥብ... ጥብ... የሚል ነገር።

እማማ ክርኔን ያዙኝ። ዓይናቸው ተጨፍኗል።

«ነጠላዬ ናት!» አሉ፣ አዳራሹ ሊሰማ በሚችል ድምፅ።

ከፊታችን የተቀመጠው ጎረምሳ ዞር ብሎ በቁጣ አያቸውና «ሽሽ!» አለ።